ጣርማ በር ላይ የቀሩት 18 ፈረሶች

መንዝ ውስጥ ሰው ሲታመም ሐኪም ፍለጋ ደብረ ብርሃን ይኬዳል። መኪና ስትታመም ግን ሐኪሙ ራሱ ከያለበት ተጠራርቶ ይመጣል። ኮፈን ከፍታችሁ አንድ ጊዜ ጎንበስ በሉ፤ ቀና ስትሉ አምስት ሰው ጎናችሁ ቆሟል። አንዱ በግ ሊሸጥ ወደ ገበያ የወጣ ነው፣ አንዱ ቅዳሴ የረፈደበት ዲያቆን ነው፣ አንዱ ዕድሜ ልኩን ከበቅሎ በቀር ምንም ያልነዳ ጎረቤት ነው። አምስቱም ምርመራቸውን ጨርሰዋል። "ካምቢዮው ነው" ይላል አንዱ። "ምን ካምቢዮ! ሞተሩ ነው ያለቀው" ይላል ሌላው። ሦስተኛው ራሱን ነቅንቆ "ሁለቱም ነው" ይላል፤ እሱ የተማረው ነው።

የሚያበሽቀኝ የመኪናዋ መታመም አይደለም። ያረጀ ነገር ይታመማል፤ እኔም ራሴ ጠዋት ስነሣ ጉልበቴ ነው ቀድሞኝ የሚጮኸው። የሚያበሽቀኝ ሳይመረምሩ መፍረድ ነው። የመንዝ ሰው ድሮ ለአንዲት ቁራሽ ርስት ዕድሜ ልኩን ይሟገት ነበር። ምስክር ሳይሰማ፣ ድንበር ሳይረግጥ የሚፈርድ ዳኛ ከገጠመው ስንቁን ቋጥሮ፣ በርኖሱን ደርቦ፣ ይግባኝ ብሎ አዲስ አበባ ድረስ በእግሩ ይወርዳል እንጂ እሺ አይልም። የዚያ ሰው የልጅ ልጆች ናቸው እንግዲህ ዛሬ በሞተር ላይ ያለ ምስክር ሞት የሚፈርዱት።

መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ አገር ሁሉ ዲኤክስ የሚላት። ጃፓኖች ይህን ዓይነቷን ማውጣት የጀመሩት በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ሞተሯ 1,290 ሲሲ፣ ቤንዚን የሚያድልላት ካርቡራተር፣ ማርሿ በእጅ። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር በውስጧ አልዞረም። ያላት ኤሌክትሮኒክስ ሬዲዮው ብቻ ነው፤ እሱም ደጋ ላይ ከመዝፈን ማንኮራፋት ይቀናዋል። በዕድሜ ከመጨረሻ ልጄ ትበልጣለች፤ በመታዘዝም እንደዚሁ።

ታዲያ ዳገት እምቢ አለች። ሜዳ ላይ ደኅና ናት፤ ሞላሌን ይዤ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ስወጣ ግን ሦስተኛ ማርሽ ላይ ትተክናለች፣ ሁለተኛ ሳስገባ ታቃስታለች፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ ትለቃለች፣ እግረኛ ይቀድመናል። እግረኛው አልፎን ሲሄድ ሰላምታ ይሰጠኛል፤ ይህ ነው የሚከፋው። ሰላምታውን ተቀብዬ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቄ፣ እሱም የከብቱን ነግሮኝ እስክንጨርስ ገና ጎን ለጎን ነን።

አዲስ አበባ ላለው ልጄ በስልክ ብነግረው፣ ሳልጨርስ "አባዬ፣ ሞተሩ ይውረድ" አለኝ። ሞተር ይውረድ! እሱ ሲያመው ሆዱ ይቀደድ ብዬ አላውቅም።

ግን ሰማሁት። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ሰው ማስቀየም አልወድም፤ እነሱ ግን እኔን ማስቀየሙን በደንብ ተክነውበታል። መካኒኩ ቁልፉን ሳያዞር፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነዳት፣ ጥቁሯን ጭስ አይቶ "ፋሻ ጨርሳለች" አለ። ሞተሩ ወረደ። ፋሻው ተቀየረ፣ ብሮንዚናው ተቀየረ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቀየረ፤ በሬ የሚያስገዛ ብር ከኪሴ ወጣ። ከዚያ ያቺኑ ዳገት ስወጣ ያው ያቃሰተችበት ቦታ ላይ አቃሰተች፤ ያው እግረኛ አለፈኝ፤ "መኪናዋን አሠሩዋት አሉ፣ እንኳን ደስ ያለዎ!" አለኝ። ወደ ሁለተኛው መካኒክ ሄድኩ። እሱ ደግሞ "ሞተሩማ አዲስ ነው አባባ፤ እንግዲህ ካምቢዮው ይሆናላ" አለ። ካምቢዮው ወርዶ ተፈታ። የወጣው ዘይት ንጹሕ፣ ጥርሶቹ ሙሉ፤ እንኳን የእሷ የኔም እንዲህ በተረፉ ያሰኛሉ። "በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች" ይባላል። እኔ ስለ ጉልበት እጠይቃለሁ፣ እነሱ ስለ ዕቃ ይመልሱልኛል።

አሁን እኔን ስሙኝ፤ ጆሮ ካለ መፍቻ አያስቸኩልም። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሞተር አብዝቶ የሚበላው አየር ነው፤ ቤንዚኑ በአየሩ መጠን ይሰፈራል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ለየሺህ ሜትሩ ዳገት፣ አየር የሚነፋለት ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአሥር አንድ ያህል ይጥላል። መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ተቀምጣለች። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 60 ፈረስ የነበራት መኪና እኛ ዘንድ 42 ይዛ ትመጣለች። 18ቱ ፈረሶች የት ገቡ? ጣርማ በር ላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ቦርቡሮ ባወጣው ዋሻ አፍ ላይ ቀሩ። የትኛውም ጋራዥ አውርዶ አያገኛቸውም፤ መለዋወጫ ሱቅም አይሸጣቸውም። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹ ከዚያም በፊት ጠፍተዋል፤ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና፣ እዚያ ተገዝታ እዚያ የኖረች መኪና ሙሉ ጉልበቷን አንድም ቀን አይታው አታውቅም። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው ስለ ጉልበት ሲያወራ ዝም ብላችሁ ሳቁ።

ጥቁሩ ጭስስ? ካርቡራተር የሚባለው ዕቃ ደግ ነው፣ ግን አገር አያውቅም። ቤንዚን የሚያሳልፍባት የነሐስ ቀዳዳ የተለካችው ለቆላ አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ሞተሩ ከሚችለው በላይ ይጎርሳል፣ ያልተቃጠለው በጥቁር ጭስ ይወጣል። ለዚህ ሞተር አይወርድም። ካንዴላ ይወጣል። አንድ ካንዴላ ለማውጣት አንድ ቁልፍና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል፤ ምርመራው በነፃ ነው፤ በነፃ መሆኑ ነው መሰለኝ መካኒኮቹን ያስጠላቸው። ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል ወይም የአየር ማጣሪያው በአቧራ ታፍኗል። ዘይት የጠጣ እርጥብ ጥቁር ከሆነ፣ ያኔ ፋሻ ወይም ቫልቭ ብላችሁ ማውራት ትችላላችሁ። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከመሰለ ቤንዚን አንሶታል። ወደ ቡኒ ካደላ ኮፈኑን ዝጉና ወደ ቤታችሁ ግቡ። የኔዎቹ አራቱም ደረቅ ጥላሸት ነበሩ። ፋሻው ንጹሕ ሰው ነበር፤ በሐሰት ተከሶ ተወገደ።

የሚያውቅ ሰው ቢገኝ ቀዳዳዋን በጠበበች ይለውጣታል፣ ዲስትሪቡተሩን በጥቂት ዲግሪ ያስቀድመዋል፤ ጭሱ ይቀላል፣ ቤንዚንም ይቆጠባል። ፈረሶቹ ግን አይመለሱም። ደግሞ ለደጋ የጠበበችው ቀዳዳ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ በቆላው ሙቀት ሞተሩን ታስርባለች፤ ወስፋቱ እየጮኸ ይግላል። ሁለት አገር የሚኖር ሰው ኑሮው ከባድ ነው።

ካምቢዮ ወይስ ሞተር የሚለውን ክርክር ደግሞ እኔ ዳገት ላይ በአንድ እግር እጨርሰዋለሁ። ነዳጅ ስትረግጡ ሞተሩ ጮሆ መኪናዋ ባለችበት ከቀረች፣ ጉልበቱ ተወልዶ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው፤ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል። ሞተሩና መኪናዋ አብረው እየደከሙ ከወረዱ ግን ጉልበቱ ከመነሻው አልተወለደም፤ ካምቢዮውን አትክሰሱት፣ የተሰጠውን ነው ያደረሰ። ለሚጠራጠር ሌላም አለ። ሜዳ ላይ ታኮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ከፍ ያለ ማርሽ አስገቡ፣ ትንሽ ነዳጅ ሰጥታችሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ቀጥ ብሎ መጮኹን ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ይህን ደግሞ አንዴ ነው የሚያደርጉት፤ የጎረቤቴ ልጅ ደስ ብሎት ለጓደኞቹ ሁሉ ሲያሳይ ውሎ ማታ ላይ የነበረውንም ፍሪሲዮን አቃጠለው። "ምርመራው ትክክል ነበር አባባ፣ አልቋል" አለኝ። አዎን፣ አሁን አልቋል።

ጆሮም ሥራ አለው። ፎሌ ላይ ሆና ስትንጫጫ ፍሪሲዮን ርገጡ። ድምፁ ከጠፋ የካምቢዮው ኩሽኔታ ነው። ስትረግጡ ጊዜ ከመጣ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ቆማ ሳለች አንደኛና የኋላ ማርሽ እየተፋጨ የሚገባ ከሆነ ፍሪሲዮኑ አልለቅ ብሏል፤ ካምቢዮ ለማውረድ አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ፔዳሉ ይስተካከል። በጉዞ ላይ አንዱ ማርሽ ብቻ የሚፋጭ ከሆነ ግን የዚያ ማርሽ ነገር ነው፣ አርፋችሁ ገንዘብ አዘጋጁ። ይህን ሁሉ ለማወቅ የሚያስፈልገው ሬዲዮ መዝጋትና ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ዝም ማሰኘት ነው። ሁለተኛው በመንዝ አይቻልም።

የብርዱ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ እኛ ዘንድ ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል፤ ባናውን ደርቤም ያንዘፈዝፈኛል። ጠዋት ማርሹ ቢከብድ የካምቢዮ ዘይት ጠጥሮ ነው፤ ፀሐይ ወጥቶ ትንሽ ሲነዳ ይላላል። ሲያስነሡ ነጭ ጭስ ቢወጣ እንፋሎት ነው፤ የእናንተስ አፍ ጠዋት አይጨስም? ሞተሩ ሞቆም ነጩ ጭስ ካላቆመና የራዲያተር ውኃ ያለ ፍሳሽ ከጎደለ ያኔ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥሩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጥቁሩን ነገርኳችሁ። ሦስት ቀለም ነው፤ ባንዲራ የሚለይ ሕፃን ይለየዋል። መካኒኩ ግን ሁሉንም "ጭስ" ብሎ ይጠራዋል፤ ሁሉንም በሞተር ማውረድ ያክመዋል።

ከሁሉ የባሰው ቴርሞስታት የሚያወጡት ናቸው። "ሙቀት እንዳይዛት አወጣሁልዎ አባባ" ይላል፣ ምርቃት የሚጠብቅ ፊት ይዞ። እዚህ አገር! እኔ ከውርጭ የተነሣ እሳት አቅፌ ስተኛ ሞተሩን ልብሱን ገፎ ብርድ ላይ ያስቀምጥልኛል። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን ወደ ራዲያተር አላሳልፍም የሚል በረኛ ነው። በረኛው ሲባረር ሞተሩ ቀኑን ሙሉ አይሞቅም፤ ቤንዚን አብዝቶ ይጠጣል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ሾልኮ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ጉልበት ይቀንሳል። ከዚያ ጉልበት ስለቀነሰ ሞተር ይወርዳል። እንዲህ እየተዞረ ነው የሚበላው።

መፍላቷስ ቢሉኝ፣ የራዲያተሩን ክዳን እዩ እላለሁ። ውኃ እኛ ዘንድ ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጋ ይፈላል፤ ሽሮ ለምን በቶሎ አይበስልም ለምትሉ ሴቶች መልሱ ይኸው ነው። ጤነኛ ክዳን ውኃውን በግፊት ይዞ መፍላቱን ያዘገየዋል። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ግን ደጋ ላይ ሞተሩ ገና በደኅና ሙቀቱ ሳለ ውኃውን ያስገነፍለዋል። በጣም ትንሿ ዕቃ ናት። ትንሽ በመሆኗ ማንም አይጠረጥራትም፤ ባለ ትልቅ ስሙ ቴስታታ ይታሰርላታል።

ቤንዚኑም ራሱ አለ። ማደያ ጠፍቶ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን የቀዳ ሰው በኋላ ካምቢዮ ባይል ደስ ይለኛል። ውኃና ቆሻሻ አብሮ ይገባል፤ ማጣሪያው ይታፈናል። ምልክቱ ከከፍታው የተለየ ነው። የከፍታ ድካም ሁሌም አንድ ነው፤ የማጣሪያ ድካም ግን ዳገቱ ሲጀመር አይታይም፣ ዳገቱ ሲረዝም እየጎተተ ይመጣል፣ ቆማችሁ ስታርፉ ደግሞ የዳነ መስሎ ያታልላል። አንዴ እንዲህ ሆና ጓሳ ላይ ቆመችብኝ። ጓሳን ታውቁታላችሁ፤ አባቶቻችን በቄሮ ሥርዓት ሣሩን በወግ ሲጠብቁት የኖሩት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚውልበት ደጋ። ጭላዳዎቹ ራቅ ብለው ተቀምጠው አዩኝ። ማጣሪያውን አውጥቼ በአፌ እስክነፋው ድረስ አንዱም አስተያየት አልሰጠም። ከዚያ ወዲህ ለጭላዳ ያለኝ አክብሮት ጨምሯል።

ግን ክርክሩን የሚዘጋልኝ ማስረጃ ያገኘሁት በመርሐቤቴ መንገድ ነው። ለቅሶ ነበረብን፤ በሙከ ጡሪ አዙረን፣ በለሚ አድርገን ወደ ዓለም ከተማ። ለሚን ለቅቆ ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደው ቁልቁለት የሹፌርን ኃጢአት ሁሉ ያስቆጥራል። የድሮ ሹፌሮች "በምትወጣበት ማርሽ ውረድ" ይሉ ነበር፤ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት። የዛሬዎቹ ፎሌ አድርገው፣ ቤንዚን ቆጠብን ብለው፣ ፍሬን ላይ ቆመው ይወርዳሉ፤ ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ሽታ ሲመጣ "ፍሪሲዮን ነው!" ይላሉ። ፍሪሲዮኑን ያልነካ ሰው ፍሪሲዮን እንዴት ያቃጥላል? የሸተተው ፍሬኑ ነው፤ ሲግል ደግሞ አልይዝም ይላል፤ ያኔ የሚያስፈልጋችሁ መካኒክ ሳይሆን ንስሐ አባት ነው።

እኔ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ጀማ ድልድይ አጠገብ ስደርስ ያቺ አሮጊት ወጣት ሆነች። ነዳጅ ስነካት ትነጥቃለች፣ ጭሱ ጠፍቷል፣ ድምጿ ጠርቷል። ከአናት እስከ ወንዝ ሺህ ሜትር ያህል ወርደናል፤ ከፈረሶቹ ጥቂቶቹ ወንዙ ዳር ቆመው ሲጠብቁን ነበር ማለት ነው። "አያችሁ! ያለቀ ፋሻ ወንዝ ሲወርድ ይበቅላል? የተበላ ካምቢዮ ቆላ ሲገባ ጥርስ ያወጣል? ስትወርዱ የሚድን በሽታ የአየር በሽታ ነው" ብዬ ጮህኩ። ከኋላ የተቀመጡት አክስት "እኔስ ጠበሉ ነው ያልኩ" አሉ። ሌላው ለቀስተኛ "አዎን፣ የጀማ ውኃ ኃይለኛ ነው" ብሎ አጸናላቸው። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር እንደገና ደከመች። "ይኼው! ከጠበሉ ስትርቅ አገረሸባት" አሉ። እስከ ዓለም ከተማ አልተናገርኩም።

ወጣቶቹ ደግሞ ኮምፒዩተር ይዘው መጥተዋል። የእህቴ ልጅ ለገና ሲመጣ የመኪናን ሕመም በስልኩ የምታነብ አንዲት ዕቃ ይዞ፣ በመሪው ሥር ገብቶ በጀርባው ተኝቶ ሲፈልግ ቆየ። "ጋሼ፣ ሶኬቱ የት ነው?" አለ። አሜሪካኖች ያንን ሶኬት በሚሸጥ መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ ያደረጉት በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህቺ ያኔ ጡረታ ለመውጣት ስታስብ ነበር። ሲጋራ መለኮሻውን አሳየሁት፤ ሌላ ቀዳዳ የለኝም። ስልኩ "አልተገናኘም" ብሎ ጻፈ። ከዚህ ሁሉ መርማሪ እውነት የተናገረው እሱ ብቻ ነው።

የራሱ ቪትዝ ግን እዚሁ አስጨነቀችው። ኦቶማቲክ ናት፤ ዳገት ላይ ማርሽ ታስገባለች፣ ታወጣለች፣ መልሳ ታስገባለች። "ካምቢዮዋ ሊሞት ነው" ብሎ ፊቱ ገረጣ። ጉልበቱ ስለሳሳ የትኛው ማርሽ ላይ ልቁም እያለች ነው የምትዋዥቀው፤ ዘንጉን ወደ ዝቅተኛው ማርሽ አውርደህ ያዛት አልኩት። ያዛት፤ አረፈች። ዘይቱንም አሳየኝ ብዬ የዘይት መለኪያ ዘንጓን አውጥተን በነጭ ጨርቅ ጠረግናት፤ ቀይና ጥሩ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ቢኖረው ኖሮ ያኔ አብረን እናለቅስ ነበር። የሞተሩ መብራት በርቶ ስለነበር በዚያች ዕቃው አነበበ፤ አንድ ቁጥር ወጣ። ቁጥሩን አይቶ ወዲያው ሊቀይረው የሚገባውን ዕቃ ዋጋ መጠየቅ ጀመረ። ቁጥሩ እኮ የት አካባቢ እንደሚያመው ነው የሚናገር፤ ለምን እንዳመመው አይናገርም። እኔም ወገቤን ሳመለክት ሐኪሙ ወገቤን አይቀይረውም።

"ታዲያ ለምን አዲስ አይገዙም?" የሚል አይጠፋም፤ ጥያቄው ሁሌ የሚመጣው ምንም ከሌለው ሰው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ ያገለገለ መኪና ላይ፣ ዕድሜው ከ7 ዓመት ሲያልፍ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ጭራሽ አይግባ ተባለ። ያለችን ያለችን ናት። ስለዚህ ዲኤክሴ በየዓመቱ እያረጀች በየዓመቱ እየተወደደች ትሄዳለች፤ እንዲህ ያለ ዕድል ለሰውም ቢሰጥ ምን ነበረበት። ኤሌክትሪኳን ግዙ ይሉናል። እሷ ለጉልበቷ አየር አትፈልግም፤ ጣርማ በር ላይ አንድ ፈረስ አትጥልም። ይህን መናገር ያናድደኛል፣ ግን እውነት ነው። ብርዱ ግን ባትሪዋን ይቀንሰዋል፤ ጓሳ ላይ ብትቆምም ጭላዳ አይሰካትም።

ሰሞኑን ገዢ መጣ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጫማው የጠራ ልጅ። ባለቤቴ ቡናውን አፍልታ ተቀበለችው፤ "ወስደህልኝ በተገላገልኩ" ማለቷን ሰምቻለሁ። ልጁ ነዳት፤ የመሐል ሜዳን ዳገት አንድ ጊዜ ወጥቶ ተመለሰና "አባባ፣ ጥሩ ይዘዋታል፤ ግን ጉልበት የላትም። ሞተሯ ሳይወርድ አይቀርም" አለ። ደሜ ፈላ፤ እዚህ አገር ለመፍላት ብዙ ሙቀት አያስፈልግም። አስቀምጬ ከላይ ያልኩትን ሁሉ ነገርኩት። የአየሩን መሳሳት፣ የካንዴላውን ቀለም፣ 60 የነበረው 42 መሆኑን፣ የጀማን ድልድይ። ካንዴላውን ራሱ አውጥቼ አሳየሁት። በጥሞና ሰማ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ስልኩን አውጥቶ ሒሳብ ሠራ። እንዲህ የሚሰማ ወጣት አለ እንዴ ብዬ ልመርቀው አፌን ስከፍት፣

"ገባኝ አባባ" አለ። "እንግዲህ ከ60ው ፈረስ 18ቱ ከሌሉ፣ 30 በመቶ ይቀንሱልኛላ።"

"ፈረሶቹ ጠፉ አልኩህ እንጂ ሸጥኳቸው አላልኩህም! ወደ ቆላ ውሰዳት፣ እዚያ ትረከባቸዋለህ።"

"የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ እርስዎ ራስዎ እዚያም አይሞሉም አሉ። ግድ የለም፣ 23 በመቶ ያድርጉት።"

"ስማ ልጄ" አልኩት፣ "ገንዘብ አየር አይስብም፤ 3,000 ሜትር ላይም መቶው መቶ ነው!"

ባለቤቴ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች "ልጁ እኮ ሒሳቡን አልሳተም፣ አንቱ" አለች።